ሊቮዶፓ ይቅደም ወይስ አጎኒስት? የፓርኪንሰን መድኃኒት ምርጫ ከጀሞ ሲታይ

ፓርኪንሰን እንዳለበት የተነገረው ሰው ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መድኃኒት አለው ወይ?» ብሎ ነው። አለው። ከባዱ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ በየትኛው ይጀመር? በነባሩ ሊቮዶፓ ወይስ ዶፓሚን አጎኒስት በሚባሉት መድኃኒቶች? የነርቭ ሐኪሞች በዚህ ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል፤ ሁለቱም ወገኖች ጠንካራ ማስረጃ ይዘዋል። ክርክሩ የተካሄደው ግን በአብዛኛው መድኃኒት በማይጠፋበት አገር ነው። በአዲስ አበባ፣ ሊፍት በሌለው የጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሕመምተኛ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ ለብቻው መታየት አለበት።

ፓርኪንሰን በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩ ሕዋሳት ቀስ በቀስ የሚሞቱበት ሕመም ነው። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይገተራል፣ እርምጃ ያጥራል። ከካርቢዶፓ ጋር ተቀላቅሎ የሚሰጠው ሊቮዶፓ አንጎል ውስጥ ገብቶ ራሱ ዶፓሚን ይሆናል። አጎኒስቶቹ ግን ዶፓሚን አይሆኑም፤ ዶፓሚን የሚሠራባቸውን ተቀባዮች በቀጥታ ይቀሰቅሳሉ። ከቀደምቶቹ ብሮሞክሪፕቲን፣ ከኋለኞቹ ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል ይታወቃሉ። የብሮሞክሪፕቲን ዘመድ የሆነው ፐርጎላይድ የልብ ቫልቭን ስለሚጎዳ በ2007 ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ ብሮሞክሪፕቲን የሚወስድ ሰውም ስለ ልብ ምርመራ ሐኪሙን ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

ለአጎኒስት የሚከራከሩት ወገኖች ዋና ነጥብ ነገን ማሰብ ነው። ሊቮዶፓ ለዓመታት ሲወሰድ ብዙ ሰዎች ላይ ያለፈቃድ መወራጨት ያመጣል፤ እጅ፣ አንገትና ወገብ ባለቤታቸው ሳያዝዛቸው ይጠማዘዛሉ። በ2000 ይፋ በሆነ ጥናት፣ 301 ሕመምተኞች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ በፕራሚፔክሶል፣ ግማሾቹ በሊቮዶፓ ጀመሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ መወራጨት የታየባቸው በፕራሚፔክሶል ከጀመሩት 10 በመቶው፣ በሊቮዶፓ ከጀመሩት 31 በመቶው ነበሩ። ገና በአርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ልጆቹን ያላደረሰና ለብዙ ዓመታት ሥራ ላይ መቆየት ያለበት ሰው ይህን ልዩነት በቀላሉ አያየውም።

ሁለተኛው ጥቅም ከማዕዳችን ጋር የተያያዘ ነው። ሊቮዶፓ ከፕሮቲን ጋር ይሻማል፤ ከሥጋና ከእንቁላል ፕሮቲን ብቻ ሳይሆን በጾም ከምንበላው ሽሮና ምስርም ጭምር። ስለዚህ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ወይም አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መውሰድ ይመከራል። አጎኒስቶች ይህ ችግር የለባቸውም፤ እንዲያውም ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ማቅለሽለሹ ይቀንሳል። በቀን አንዴ ብቻ የሚዋጡ፣ ቀስ እያሉ የሚለቁ ዓይነቶችም አሏቸው።

ሊቮዶፓ ይቅደም የሚሉት ደግሞ ሕመምተኛው ዛሬ እንዴት እንደሚኖር ይጠይቃሉ። በዚያው የ2000 ጥናት እንቅስቃሴን ይበልጥ ያሻሻለው ሊቮዶፓ ነበር። በብሪታንያ 1,620 ሕመምተኞችን ለዓመታት የተከታተለውና በ2014 የወጣው ፒዲ ሜድ የተባለ ጥናትም ተመሳሳይ ውጤት አገኘ። በሊቮዶፓ የጀመሩት በዕለት ተዕለት እንቅስቃሴያቸው በጥቂቱም ቢሆን የተሻሉ ሆኑ። በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት መድኃኒቱን ያቋረጡት ከአጎኒስት ተጠቃሚዎች 28 በመቶ ሲሆኑ፣ ከሊቮዶፓ ተጠቃሚዎች 2 በመቶ ብቻ ነበሩ።

«ሊቮዶፓን ቶሎ ከጀመርኩ ቶሎ ያልቅብኛል» የሚለው ስጋትም ከራሳችን አህጉር በመጣ ማስረጃ ተዳክሟል። የጋና ሕመምተኞች መድኃኒቱን ባለማግኘታቸው የጀመሩት ሕመሙ ከታየ በአማካይ ከአራት ዓመት በኋላ ነበር፤ ጣሊያኖች ግን ከሁለት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ጀመሩ። በ2014 የታተመ ጥናት ሁለቱን ሲያነጻጽር መወራጨቱ በሁለቱም አገር የመጣው ሕመሙ ከጀመረ በተመሳሳይ ጊዜ ላይ ነበር። ጋናውያኑ በመዘግየታቸው ያተረፉት ነገር የለም፤ የተሻለ መንቀሳቀስ የሚችሉባቸውን ዓመታት አጡ እንጂ። ወሳኙ ሕመሙ የቆየበት ዘመንና የመድኃኒቱ መጠን ነው።

የአጎኒስቶች የጎንዮሽ ጉዳት በሁለት ይከፈላል። አንዱ የሚታይ ነው፦ እግር ማበጥ፣ ማቅለሽለሽ፣ ብድግ ሲሉ የደም ግፊት መውረድ፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ድንገተኛ እንቅልፍ። በ1999 የአሜሪካ ሐኪሞች መሪ እንደጨበጡ እንቅልፍ የወሰዳቸውን ስምንት ሕመምተኞች ታሪክ ዘግበዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚስማማው ሳያውቅ ማንም መኪና መንዳት የለበትም። የኮንዶሚኒየም ደረጃም የራሱ አደጋ አለው። ከወንበር ተነስቶ በቀጥታ ወደ ደረጃው የሚያመራ ሰው ግፊቱ የሚወርድበት የመጀመሪያው እርከን ላይ ሊሆን ይችላል። ቁጭ ብሎ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ተነስቶ ጥቂት መቆም፣ የደረጃውን ብረት ይዞ መውረድ መለመድ አለበት።

ሁለተኛው ግን ሰው የማይናገረው ነው። መድኃኒቱ የአንጎልን የደስታና የሽልማት ሥርዓት ስለሚነካ ራስን መግዛት ያስቸግራል፦ ቁማር፣ ያለልክ መሸመት፣ መብላት ማቆም አለመቻል፣ ከልክ ያለፈ የወሲብ ፍላጎት። በ2010 የታተመና 3,090 ሕመምተኞችን ያሳተፈ ጥናት ይህን ችግር አጎኒስት ከሚወስዱት 17.1 በመቶ፣ ከማይወስዱት ደግሞ 6.9 በመቶ ላይ አግኝቷል። ውርርድ በስልክ ከኪስ በሚገኝበት ዘመን ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የዕቁብ ብር ሲጎድል ቤተሰቡ «አባታችን ምን ነካው?» ይላል፤ ሚስት ስለ መኝታ ቤቱ ለመናገር ታፍራለች፤ ሕመምተኛው ራሱን እንደ ኃጢአተኛ ይቆጥራል። ጥፋቱ የመድኃኒቱ መሆኑን የነገራቸው የለም። ዝምታው ከመድኃኒቱ የባሰ ጉዳት የሚያደርሰው እዚህ ላይ ነው።

የእኛን ሁኔታ ሚዛኑ ላይ እናስቀምጠው። መድኃኒት ከገበያ ሲጠፋ ብዙ ቤተሰብ ውጭ አገር ያለ ዘመድን ያስቸግራል፤ ኪኒኑ በሻንጣ ይመጣል። አጎኒስት ግን በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ከባድ ጭንቀት፣ ድብርት፣ ድንጋጤና ላብ ሊያመጣ ይችላል። ሊቮዶፓም ቢሆን በድንገት ሲቆም ሰውነትን አግትሮ ለሕይወት የሚያሰጋ ትኩሳት ሊያስከትል ይችላል። ለጸበል ብለው መድኃኒት የሚያቆሙ ወገኖችም ይህን ሊያውቁ ይገባል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ለምእመናን ተናግረዋል፤ ለፓርኪንሰንም የሚያዋጣው ይኸው መንገድ ነው።

አጎኒስት ሌላም ነገር ይጠይቃል፤ ክትትል። ፕራሚፔክሶል አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በ0.125 ሚሊግራም፣ በቀን ሦስት ጊዜ ሆኖ በየሳምንቱ ገደማ ከፍ ይላል። ይህ ማለት ተደጋጋሚ ቀጠሮ ነው፤ ከጀሞ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለመድረስ እርምጃው ለሚያጥር ሰው የታክሲ ሰልፍና ግፊያ አለው። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው የፕራሚፔክሶሉ መጠን መቀነስ አለበት። ሮፒኒሮል የሚወስድ ሰው ሲፕሮፍሎክሳሲን ከታዘዘለት ሮፒኒሮሉ በሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ሊቮዶፓ የሚወስድም ሆነ አጎኒስት የሚወስድ ሰው ለማቅለሽለሽ ፕላሲል ቢሰጠው ፕላሲሉ ዶፓሚንን ስለሚያግድ ፓርኪንሰኑ ይብሳል። ለዚህም ነው ክሊኒክ ሲኬድ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ስም በወረቀት ይዞ መሄድ የሚበጀው።

ይህን ሁሉ ስመዝነው ወደ አንድ አቋም እደርሳለሁ። ዕድሜው ከሰባ ላለፈ፣ የማስታወስ ችግር ላለበት፣ ቀን ቀን እንቅልፍ ለሚያስቸግረው ወይም ቀድሞም ቁማር ላጠቃው ሰው ሊቮዶፓ ይቅደም። በ2021 የወጣው የአሜሪካ የነርቭ ሕክምና አካዳሚ መመሪያም ከዚህ አይርቅም። ዕድሜው ከስልሳ በታች ለሆነ ሰው አጎኒስት ተገቢ ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ ሦስት ነገር ሲሟላ ግን። መድኃኒቱ በቋሚነት መገኘቱ ይታወቅ። መጠኑን የሚከታተል ሐኪም ይኑር። ከመጀመሩም በፊት ከቤተሰቡ ለአንድ ሰው ስለ ቁማሩም ስለ ወሲቡም ሳይሸፋፈን ይነገረው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የጥናቶቹ ጥቅም እኛ ቤት አይደርስም።

በተለይ ሦስተኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ድፍረትን እንጂ። ከሕመሙ ጋር የሚኖሩት ወይዘሮ ክብራ ከበደ የመሠረቱት የፓርኪንሰን ሕመምተኞች ድጋፍ ድርጅት ሕመሙ በአደባባይ እንዲነገር ሲሠራ ቆይቷል። ስለ መንቀጥቀጡ ማውራት ከተቻለ ስለ መድኃኒቱም ጣጣ ማውራት ይቻላል። ሐኪም አጎኒስት ሲያዝ «ባሕርዩ ቢለወጥ ለማን እንንገር?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የቤተሰቡ መብትም ግዴታም ነው።