ፊደል የቆጠረችው እማዬ

ለእማዬ ጠዋት ጠዋት በቴሌግራም «ደህና አደርሽ?» እላታለሁ፤ አማርኛውን የምጽፈው ግን በላቲን ፊደል ነው። መልሷ ሁልጊዜ የተጋጠሙ ሁለት እጆች ምስል ብቻ። ቢሮ ውስጥ ደንበኛ የሚገባውን ቃል ስመርጥ የምውለው እኔ፣ ነገሩ የገባኝ ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ነው።

«ልጄ፣ የፈረንጁን ፊደል መች አውቄ! ስምሽን ሳይ ደህና ነች ብዬ ነው።»

ዳዊት የምትደግም ሴት እኮ ናት! ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ እኔ ግን ስልኬ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ የጨመርኩት ያን ዕለት ማታ። ወዲያው «እማዬ፣ ደህና አመሸሽ?» ብዬ ላክሁላት።

በድምፅ መለሰችልኝ፤ እየሳቀች። «ከመቼ ወዲህ ነው ደግሞ ፊደል የቆጠርሽው?»

እናንተስ፣ የምትልኩት መልእክት መነበቡን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?