ቡችላን ከመሰናክል ጋራ ስለ ማለማመድ

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው የደጋ አገር ውሻ ሌሊት የግቢ ጠባቂ፤ ቀን የእረኛ ጓደኛ ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን ቡችላውን ገና በሕፃንነቱ ከግንድ ጋራ አስረን እናሳድገዋለን። ካደገም በኋላ ሌባውንና እንግዳውን፤ የቤቱን ልጅና የጎረቤቱን ልጅ ሳይለይ ሲናከስ ባየነው ጊዜ ክፉ ውሻ ነው ብለን እንፈርድበታለን። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የውሻው ሳይሆን የአሳዳጊው ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ቡችላን ከልዩ ልዩ መሰናክል ጋራ ስለ ማለማመድ፤ ይህም ለቤት ልጆች ደኅንነት ስለሚሰጠው ጥቅም ባጭሩ እንገልጻለን።

ይህ ልምምድ በሌላው ዓለም የታወቀ የውድድር ጨዋታ ሆኗል። መነሻው እንግሊዝ አገር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ዓመት በሎንዶን በተደረገው ክራፍትስ በሚባለው ታላቅ የውሾች ትርኢት ላይ፤ ጆን ቫርሊና ፒተር ሚንዌል የተባሉ ሰዎች የፈረስ ዝላይን አብነት አድርገው ለውሾች መሰናክል አዘጋጁ። በትርኢቱ መካከል ተመልካችን ለማስደሰት ተብሎ የተጀመረው ነገር ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ውሻው በጌታው ቃልና በእጁ ምልክት ብቻ እየተመራ አግዳሚ ይዘላል፤ በቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ በጠባብ ሳንቃ ላይ ይሻገራል፤ እንደ ሚዛን ከፍና ዝቅ በሚል ሰሌዳ ላይ ይራመዳል፤ በተርታ በተተከሉ ዘንጎች መካከልም እየተሹለከለከ ይወጣል። በእንግሊዝ አገር ደንብ አንድ ውሻ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ለዚህ ውድድር አይቀርብም።

ለእኛ ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ አያስፈልገንም። አንድ የባሕር ዛፍ አጣና፤ አንድ ሰፊ ሳንቃ፤ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አሮጌ ጋቢ ይበቃል። አገሩ ራሱም መሰናክል አያጣም። የርብና የጉማራ ወንዞች በሚመነጩበት በጉና ተራራ ሥር የሚውል የእረኛ ውሻ፤ የድንጋይ ካብ መውጣትና በግንድ ላይ ጅረት መሻገር የዕለት ሥራው ነው። ይህን በሕፃንነቱ ሳይፈራ የተማረ ውሻ፤ በክረምት ወንዝ ሲሞላ ከእረኛው ልጅ አይለይም።

የአለማመዱም ሥርዓት እንዲህ ነው። ቡችላ አዲስ ነገርን ያለ ፍርሃት የሚቀበለው ከሁሉ ይልቅ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ዕድሜው ነው። ስለዚህ ከእናቱ እንደ ተለየ መጀመር ይገባል። መጀመሪያ ዕቃውን ሁሉ በደረቅ መሬት ላይ አጋድሞ መተው ነው፤ ቡችላው በገዛ ፈቃዱ ቀርቦ ያሽትተው። አጣናው በምድር ላይ ተጋድሞ ሳለ ይራመድበት እንጂ አይዝለለው፤ የወጣት ውሻ አጥንት ገና በማደግ ላይ ስለሆነ ከፍ ያለ ዝላይ መገጣጠሚያውን ይጎዳዋል። ሳንቃውም በመሬት ላይ ይነጠፍ፤ ከለመደው በኋላ እንዳይነቃነቅ ሆኖ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረግለት። ጋቢውን በሁለቱ ወንበሮች ላይ ዘርግቶ አጭር ዋሻ ማበጀት ይቻላል። አንድ ልጅ በወዲህ በኩል ቡችላውን በዝግታ ይያዘው፤ ሌላው በወዲያኛው አፍ ተቀምጦ በስሙ ይጥራው። ከፍና ዝቅ የሚለው ሰሌዳ ግን ድምፁም መነቃነቁም ስለሚያስደነግጥ ለመጨረሻ ይቆይ። ልምምዱ በአንድ ጊዜ ከ5 ደቂቃ ባይበልጥ መልካም ነው።

ላደረገው ሁሉ ምስጋናና ትንሽ የተቀቀለ ሥጋ ይሰጠው። የታረደ ከብት ጥሬ ጉበትና ሳንባ ግን አይገባም፤ በውስጡ የሚገኘው የትል ዘር በውሻው አንጀት አድጎ ወደ ሰው ይተላለፋልና።

ከሁሉ የሚበልጠው ትእዛዝ ቡችላውን በገመድ ጎትቶ ወይም በዱላ አስፈራርቶ ወደ መሰናክሉ አለማስገባት ነው። በጋፋት የተሠራው የዐፄ ቴዎድሮስ ታላቅ መድፍ ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲሄድ፤ ወራት የፈጀው መንገዱ በየስፍራው እየተጠረገና እየተደለደለ ስለ ነበረ ነው። መንገድ ሳይበጅ መጎተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልደረሰም ነበር። የቡችላም ነገር እንዲሁ ነው፤ ገመዱን ብንስበው እግሩ ይቀርባል እንጂ ልቡ አይመጣም። በግዴታ የቀረበ ቡችላ ዕቃውንም የጎተተውንም እጅ ይፈራል፤ የፈራ ውሻም መሸሻ ባጣ ጊዜ ይናከሳል። ያን ጊዜ ፊት ለፊት የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሕፃን ልጅ ነው።

ስለዚህም ልጆችን ከቡችላው ጋራ ስናለማምድ አዋቂ ሰው አጠገባቸው ይቁም። ቡችላውም 3 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ይደረግለት፤ በየዓመቱም ይታደስለት። ሉዊ ፓስተር ይህን ክትባት በ1885 ዓመት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሰው ላይ ከሠራበት ጀምሮ ሞቱን መከላከል ተችሏል። ነገር ግን የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ውሻ የነከሰው ሰው ቢኖር ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ሌላ መድኃኒት እንፈልግ በማለት አንድ ቀን እንኳ ሳይባክን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። በየማለዳው ጥቂት ደቂቃ ሰጥቶ ቡችላውን በትዕግሥት ያለማመደ ቤተ ሰብ፤ ሲጠሩት የሚመጣ፤ ሲከለክሉት የሚመለስ ጠባቂ ያገኛል። ልጆቹም ከራሳቸው የሚያንሰውን ፍጥረት ያለ ዱላ ማዘዝን በገዛ ግቢያቸው ይማራሉ።