አብላጫ ማለት ከግማሽ በላይ ማለት ነውን?

ምርጫ በደረሰ ቁጥር «ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል» የሚለው ቃል ከሁሉ አፍ ይሰማል። ቃሉ ቀላል ነው፤ ፍርዱም ትክክል ይመስላል። ነገር ግን አምስት ሰዎች ተወዳድረው ከመቶው ሠላሳ ያገኘው አሸናፊ ከተባለ፣ የቀሩት ሰባዎቹ ሌላ ሰው እንደ ፈለጉ ማን ያስታውሳል? እንዲህ ያለው ተመራጭ እያንዳንዱን ተወዳዳሪ በለጠ እንጂ የመራጩን ግማሽ አላገኘም። መብለጥ ሌላ፣ ከግማሽ በላይ ማግኘት ሌላ መሆኑን ለይተን ካላወቅን፣ በሁላችን ስም የሚናገረው ሰው የጥቂቶች ሰው ሆኖ ይቀራል።

ይህን ጉዳይ ያነሣነው የማኅበራችን ምርጫ እየቀረበ ስለ ሆነ ነው። በዚህ ግቢ ድምፅ እንዴት እንደሚሰጥ ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ የአገሩን ልጆች ይሰበስባል፤ ሌላው የፋኩልቲውን ጓደኞች ይቆጥራል፤ ሦስተኛው በመኝታ ቤቱ ፎቅ ይተማመናል። ከሁሉ የሚተልቀውን ቡድን የያዘው ያሸንፋል፤ ከሌሎቹ ጋር አንድ ቃል መነጋገርም አያስፈልገውም። ከምርጫው በኋላ «የእነርሱ ሊቀ መንበር» የሚባለው ለዚህ ነው። በሽታው የሰዎቹ ብቻ አይደለም፤ የድምፅ አቆጣጠሩም ነው።

መድኃኒት ይሆናል ተብሎ በሌላ አገር የተሞከረ አንድ ዘዴ አለ። መራጩ በአንድ ስም ላይ ብቻ ምልክት አድርጎ አይሄድም፤ እጩዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ እንደ ምርጫው በተራ ያስቀምጣቸዋል። ከግማሽ በላይ የሆነው ሕዝብ አንደኛ ያደረገው ሰው ካለ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ከሌለ ግን መጨረሻ የወጣው ይሰናበትና የእርሱ ወረቀቶች በላያቸው ሁለተኛ ተብሎ ለተጻፈው ሰው ይታደላሉ። እንዲህ እየተባለ አንዱ ከግማሽ እስኪያልፍ ይቆጠራል። አውስትራሊያ እንደራሴዎቿን በዚህ ዓይነት መምረጥ ከጀመረች መቶ ዓመት አልፏል፤ ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1918 ነው። በአሜሪካም ሜይን የተባለችው ስቴት በ2018 ለኮንግሬስ ምርጫ ተጠቀመችበት። እኛ ግን አተኩረን የምንመለከተው አላስካን ነው፤ ጥቅሙም ጉድለቱም በአንድ ምርጫ ላይ ጎልቶ የታየው እዚያ ነውና። ከዚህ በታች ስለ አሜሪካ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አላስካ በስፋቷ የኢትዮጵያን አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስትሆን ሕዝቧ ግን ከ750 ሺህ ያነሰ ነው። ስለዚህ በእንደራሴዎች ምክር ቤት ያላት ወንበር አንድ ብቻ ነው፤ ስቴቲቱ በሙሉ አንድ የምርጫ ክልል ናት። ይህን ወንበር አቶ ዶን ያንግ ከ1973 ጀምሮ 49 ዓመት ይዘውት ነበር። በመጋቢት 2022 ሲሞቱ ቦታውን ለመያዝ 48 ሰዎች ተወዳደሩ። የስቴቲቱ ሕዝብ በ2020 በጠባብ ልዩነት ባጸደቀው አዲስ ሕግ መሠረት፣ ከሁሉም ፓርቲ የመጡት እጩዎች በአንድ ወረቀት ላይ ቀርበው አራቱ ቀዳሚዎች ወደ መጨረሻው ምርጫ ያልፋሉ፤ እዚያ ሕዝቡ በተራ ይመርጣቸዋል። ከአራቱ አንዱ ራሳቸውን ስላገለሉ ሦስት ቀሩ፤ የቀድሞዋ የአላስካ ገዥና በ2008 ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የቀረቡት ወይዘሮ ሣራ ፔሊን፣ እንደ እርሳቸው ሪፑብሊካን የሆኑት አቶ ኒክ ቤጊች፣ ዲሞክራቷ ወይዘሮ ሜሪ ፔልቶላ።

ድምፁ ነሐሴ 16 ቀን 2022 ተሰጠ። በአንደኛ ምርጫ ወይዘሮ ፔልቶላ 75,799፣ ወይዘሮ ፔሊን 58,973፣ አቶ ቤጊች 53,810 አገኙ። ከግማሽ ያለፈ ስለሌለ አቶ ቤጊች ተሰናበቱ። ከወረቀቶቻቸው 27,053ቱ ወደ ወይዘሮ ፔሊን፣ 15,467ቱ ወደ ወይዘሮ ፔልቶላ ሄዱ። የቀሩት 11,290 ለሁለቱም የማይቆጠሩ ሆኑ፤ አብዛኞቹ ሁለተኛ ምርጫ ያልተጻፈባቸው ነበሩ። በመጨረሻ ወይዘሮ ፔልቶላ በ91,266 ድምፅ 86,026ን አሸንፈው ኮንግሬስ ገቡ፤ ከአላስካ ነባር ሕዝቦች ወደዚያ ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያዋ ሰው ሆኑ።

ወዲያው ጩኸት ተነሣ። «ከመቶ ስድሳ የሚሆነው ሕዝብ ለሪፑብሊካኖች ድምፅ ሰጥቶ እንዴት ዲሞክራት ያሸንፋል?» ተባለ። ጥያቄው ከባድ ይመስላል፤ መልሱ ግን በቁጥሩ ውስጥ አለ። መራጩ የመረጠው ሰው ነው እንጂ የፓርቲ ምልክት ብቻ አይደለም። አቶ ቤጊችን የመረጡ 15,467 ሰዎች ከራሳቸው ፓርቲ ሴት ይልቅ የሌላውን ፓርቲ ሴት ወደዱ። ይህን በገዛ እጃቸው ጽፈውታል፤ «ተሳስታችኋል» ሊላቸው የሚችል ማን ነው? ደግሞም እነዚሁ ድምፆች በአሮጌው ዘዴ ቢቆጠሩ ኖሮ ወይዘሮ ፔልቶላ በመቶ አርባ ብቻ ያሸንፉ ነበር። አዲሱ ዘዴ ዘውዱን ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው አላዛወረም፤ ከተቆጠሩት ድምፆች ከግማሽ በላይ ደጋፊ እንዳላቸው አሳየ እንጂ።

እንዲህ ስንል ዘዴው እንከን የለውም ማለታችን አይደለም። የድምፅ ወረቀቶቹ ዝርዝር ይፋ ከሆነ በኋላ የመረመሩት ሊቃውንት አንድ አስገራሚ ነገር አግኝተዋል። አቶ ቤጊች ከወይዘሮ ፔልቶላ ጋር ብቻቸውን ቢገጥሙ ያሸንፉ ነበር፤ ከወይዘሮ ፔሊን ጋር ቢገጥሙም ያሸንፉ ነበር። ሁለቱንም ማሸነፍ የሚችለው ሰው ግን አንደኛ ያደረገው ሕዝብ ስላነሰ አስቀድሞ ወጣ። የብዙዎች ሁለተኛ የሆነ፣ መካከለኛውን መንገድ የያዘ ሰው በዚህ ዘዴ ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው። ሁለተኛው ጉድለት የእነዚያ 11,290 ወረቀቶች ነገር ነው። የአሸናፊዋ ብልጫ 5,240 ነበርና ከመንገድ የቀሩት ድምፆች ከብልጫው እጥፍ ይበልጣሉ። አንዳንዱ ሁለቱንም አልፈልግም ብሎ ተወው ይሆናል፤ ይህ መብቱ ነው። ሳይገባው የተወው ግን ድምፁን የነጠቀው ትምህርት ማጣት ነው።

«የአንድ ወገን መሣሪያ ነው» የሚለውን ክስ ግን ጊዜ ራሱ መለሰው። በኅዳር 2022 በመደበኛው ምርጫ ወይዘሮ ፔልቶላ በመቶ 55 ገደማ አሸነፉ። በኅዳር 2024 ደግሞ በዚያው ሕግ፣ በዚያው ወረቀት፣ አቶ ቤጊች ከመቶ 51 ጥቂት በሚበልጥ ድምፅ አሸንፈው ወንበሩን ወሰዱባቸው። በዚያው ቀን ሕጉ ይሻር ወይስ ይጽና ተብሎ ሕዝቡ ተጠይቆ ነበር፤ ከ300 ሺህ በላይ ድምፅ ተሰጥቶ ሕጉ በጥቂት መቶ ድምፅ ብልጫ ብቻ ጸና። ዛሬ የጎዳህ ዘዴ ነገ ሊጠቅምህ ይችላል፤ ሚዛን መሆኑ የሚታወቀውም በዚህ ነው።

ስለ አገራችንም አንድ ቃል እንበል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት የሚመረጡት አብላጫ ድምፅ ያገኘው በሚያሸንፍበት ሥርዓት መሆኑን ይደነግጋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት ግዴታ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. የ547ቱ ወንበር ውጤት ሲገለጽ ሁሉም የገዥው ፓርቲና የአጋሮቹ ነበሩ። ሌላ ሰው የመረጠ ዜጋ አልነበረም ብሎ የሚያምን የለም። እርግጥ የቆጠራ ዘዴ ብቻውን ነጻ ምርጫን አይፈጥርም፤ ሳይፈራ የሚናገር እጩ፣ ሳይፈራ የሚመርጥ ሕዝብ፣ የማያዳላ ቆጣሪ ከሌለ ተራ ቁጥሩ ከንቱ ነው። ሆኖም ነጻነቱ በተገኘ ጊዜ ሚዛኑን ከየት እናምጣ እንዳንል ከአሁኑ እንልመደው።

መልመጃውም በእጃችን ነው። ለመጪው የማኅበራችን ምርጫ ተወዳዳሪዎቹ ከሁለት በበለጡበት ቦታ ሁሉ በተራ እንድንመርጥ ለማኅበሩ ምክር ቤት እናመለክታለን። ከዚህ ጋር ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ከምርጫው ሁለት ሳምንት በፊት በየክፍሉ የሙከራ ወረቀት ይታደልና አሠራሩ ይገለጽ፤ ሁለተኛውን ባዶ የሚተው ሰው አውቆ ይተወው። ሁለተኛ፣ ቆጠራው በአዳራሽ፣ በሁሉ ፊት፣ ዙር በዙር በሰሌዳ ላይ እየተጻፈ ይደረግ። ሦስተኛ፣ እንደ አቶ ቤጊች ያለ ሰው ወድቆ ከሆነ እንድናውቀው የወረቀቶቹ ሙሉ ዝርዝር ይለጠፍ።

«ጊዜ ይፈጃል» የሚሉን አሉ። አላስካ በፖስታ የሚመጣውን ድምፅ ጠብቃ ውጤቱን ያወቀችው ከ15 ቀን በኋላ ነው፤ የእኛ ግን የአንድ ሌሊት ሥራ ነው። ለዓመት የሚመራንን ሰው ለመለየት አንድ ሌሊት ማምሸት ከበደን የምንል ከሆነ፣ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ማጉረምረም አይገባንም።

ከሁሉ የሚበልጠው ትርፍ ግን ከቆጠራው በፊት የሚገኘው ነው። የአገሩን ልጆች ብቻ ይዞ ማሸነፍ እንደማይችል ያወቀ እጩ የሌላውን በር ማንኳኳቱ አይቀርም። «አንደኛህ ሌላ ሰው ነው፤ አከብርልሃለሁ፤ ሁለተኛህ አድርገኝ» ለማለት ደግሞ አስቀድሞ አለመሳደብ ያስፈልጋል። ወይዘሮ ፔልቶላ ከተቀናቃኛቸው ከወይዘሮ ፔሊን ጋር ወዳጅነታቸውን ሳያፈርሱ ተወዳድረዋል፤ ያንን 15,467 ድምፅ ያገኙትም ከሌላ ሰው ደጋፊዎች ነው። እኛም በአንድ ግቢ እየበላንና እየተማርን በምርጫ ሰሞን የምንለያየው ሁለተኛ የሚባል ቦታ በወረቀታችን ላይ ስለሌለ ነው። ቦታው ይሰጠን፤ ማንን እንደምንጽፍበት እናውቃለን።