«ማንም ይግዛን፣ ብር ይኑረው እንጂ!»

ባለፈው ሰሞን ከመሥሪያ ቤታችን ጓሮ ባለችው ሻይ ቤት ሁለት ባልደረቦቼ ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ ሲከራከሩ ቆዩ። አንደኛው የግሌዘር ቤተሰብን ረገመ። በ2005 ክለቡን በብድር ገዝተው ዕዳውን በራሱ በክለቡ ጫንቃ ላይ መጫናቸውን እንደ ሒሳብ መምህር አስረዳን። ከዚያም በ2024 ከሩብ በላይ ድርሻ ይዞ የገባው ሰር ጂም ራትክሊፍ በተራው ተወቀሰ፤ ሠራተኛ ቀነሰ፣ የሠራተኛውን ነጻ ምሳ እንኳ ነፈገ ተባለ። ሁለተኛው ባልደረባዬ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ በ2023 የኳታሩ ሼክ ጃሲም ክለቡን ለመግዛት ያቀረበው ጥያቄ ሳይሰምር መቅረቱን በቁጭት አስታውሶ፣ «ማንም ይግዛን፣ ብር ይኑረው እንጂ!» አለ። ሁሉም ሳቀ።

እኔ ግን ሻዩ መረረኝ። ይህችን ዓረፍተ ነገር አውቃታለሁና። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስደግማት ኖሬያለሁ። ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በእርሷ ላይ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያስቀመጥኩት ኳሱም ባለቤቶቹም የእነርሱ ስለሆኑ ነው።)

እኔ የኒውካስል ዩናይትድ ደጋፊ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ የሚል ሰው እንደ ጉድ ይታያል፤ ከተማው ለአርሰናልና ለማንቸስተር ተከፍሎ ያለቀ ነውና። ጥፋቱ የአለን ሺረር ነው። በልጅነቴ፣ በሰፈራችን ኳስ ማሳያ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን፣ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ሲሮጥ አየሁት፤ አለቀ። በዕድሜ የሚያንሰኝ የጎረቤታችን ልጅም ከጎኔ ተቀምጦ አብሮኝ ተለከፈ። በኅዳር 2002፣ በሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ የመጀመሪያ ሦስት ጨዋታዎቹን የተሸነፈው ቡድናችን የቀሩትን ሦስቱን አሸንፎ ሲያልፍ፣ ሮተርዳም ላይ ክሬግ ቤላሚ በመጨረሻዋ ደቂቃ ያገባትን ጎል እኔና እርሱ ተቃቅፈን ነበር ያየናት። እኩለ ሌሊት አልፎ ቤታችን ስንገባ የጠበቀንን ቁጣ ዛሬም አልረሳሁትም።

በ2007 ማይክ አሽሊ የተባለ የስፖርት ዕቃ ነጋዴ ክለቡን በ134 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ገዛው። መጀመሪያ የክለቡን ማልያ ለብሶ ከሕዝቡ መሀል ቢራውን ሲጨልጥ ብናየው «የኛው ሰው ነው» ብለን ወደድነው። ፍቅሩ ዓመት ከጥቂት ወር ዘለቀ። በመስከረም 2008 አሰልጣኙ ኬቨን ኪገን «በተጫዋች ግዢ ጣልቃ ገቡብኝ» ብሎ ለቀቀ፤ በቀጣዩ ዓመት የግልግል ጉባኤ ፈረደለት፣ ሁለት ሚሊዮን ፓውንድ ካሣም ተወሰነለት። እስከዚያ ግን ቤቱ ፈርሷል። ሊወርድ የተቃረበውን ቡድን እንዲያድን በሚያዝያ 2009 የተጠራው ራሱ አለን ሺረር ነበር። ስምንት ጨዋታ ሰጡት፤ አንዱን ብቻ አሸነፈ። በግንቦት በአስቶን ቪላ 1 ለ 0 ተሸንፈን ስንወርድ ካሜራው ፊቱ ላይ ቆየ። ያንን ፊት ባላየው ደስ ይለኝ ነበር።

እኔ የባንክ ሰው ነኝ፤ ቁጠባን አልጠላም። ለሰውዬውም ፍርድ ላጉድልበት አልፈልግም፤ ለክለቡ ከመቶ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ያለ ወለድ አበድሯል። ያለ ወለድ! ይህን ውለታ የትኛውም ባንክ አይውልም፣ የኔውን ጨምሮ። ነገር ግን ጋዜጦቹ «ቆጣቢው ባለቤት» ሲሉት ቃሉ ያንገበግበኛል። እናቴ ከወር ወጪዋ እየቆነጠረች በመሀረብ ጫፍ ስትቋጥር ቋጠሮው ስም ነበረው፤ የእኔ ደብተር፣ የእህቴ ጫማ፣ የፋሲካ ዶሮ። ቆጣቢ ዛሬን የሚነሳው ለነገ ሊሰጥ ነው። ንፉግ ግን ሁለቱንም ይነሳል።

በ2005 ማይክል ኦውንን ከሪያል ማድሪድ ለማምጣት የወጣው፣ አሥራ ሰባት ሚሊዮን ፓውንድ እንኳ የማይሞላው ገንዘብ፣ ሚጌል አልሚሮን እስከተገዛበት እስከ ጥር 2019 ድረስ የክለቡ ትልቁ ግዢ ሆኖ ኖረ። ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ! በመካከሉ ፓሪስ ሴንት ዠርሜን ለአንድ ለኔይማር 222 ሚሊዮን ዩሮ ከፍሏል። ብሩ ይቅር። ስማችንንስ? ከመቶ ዓመት በላይ ሴንት ጄምስ ፓርክ ሲባል የኖረው ሜዳ በኅዳር 2011 በሰውዬው ሱቅ ስም «ስፖርትስ ዳይሬክት አሬና» ተባለ። ስሙን የመለሰልን ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በ2012 ማልያችን ላይ ስሙን ሊጽፍ የመጣው ዎንጋ የተባለ አበዳሪ! ለደሃ ሰው የጥቂት ቀን ብድር እየሰጠ፣ በዓመት ሲሰላ ከአራት ሺህ በመቶ የሚበልጥ ወለድ የሚያስከፍል ድርጅት። በእኛ አገር ቋንቋ ሥራው አራጣ ይባላል። ሴኔጋላዊው ፓፒስ ሲሴ ሃይማኖቴ አይፈቅድም ብሎ ማልያውን አልለብስም ሲል ብቻውን ነበር፤ እርሱም ኋላ ለበሰው። እኛ ደጋፊዎች ግን የስታዲየማችን ስም ስለተመለሰልን አመሰገንን። ዛሬ ሳስበው ልምምዱ የተጀመረው ያኔ ነው።

በ2016 ደግመን ወረድን፤ ራፋኤል ቤኒቴዝ መለሰን፤ በ2019 እርሱም ሄደ። ይህን ያህል ይበቃል፣ የሽንፈት ታሪክ አንዱ ካንዱ ይመሳሰላል። ማንሳት የምፈልገው እኛን ምን እንዳደረገን ነው። የሰውዬው ንፍገት ከነጥባችን ይልቅ የፈጀው ጥያቄያችንን ነው። ድሮ ስለ ጨዋታው ውበት፣ ስለ ከተማው ልጆች፣ ስለ አሰልጣኙ ጥበብ እንከራከር ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ የቀረችን ጥያቄ አንዲት ሆነች፤ «ገዢ መቼ ይመጣል?» ማን የሚለውን ረሳነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይላሉ አባቶች።

ጥቅምት 7 ቀን 2021 ገዢ መጣ። ዋጋው 305 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል፤ ከመቶ ሰማንያው እጅ የሳዑዲ ዓረቢያ የሕዝብ ኢንቨስትመንት ፈንድ፣ የፈንዱ ሊቀ መንበር የአገሪቱ አልጋ ወራሽ። በስታዲየሙ ደጅ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ጨፈረ፤ አንዳንዱ የዓረብ ጥምጥም አስመስሎ በራሱ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጎ ነበር። የተቃወሙ ደጋፊዎች ጥቂት ነበሩ። እኔም እዚህ አዲስ አበባ ለባልደረቦቼ ሁሉ ማኪያቶ ጋበዝኩ። ሊጉ መንግሥቱ ክለቡን እንደማይቆጣጠር በሕግ የጸና ማረጋገጫ አገኘሁ አለ፤ ማመን ፈልጌ ስለነበር አመንኩ። በቀጣዩ ዓመት ነጭና አረንጓዴ ማልያ፣ የሳዑዲ ብሔራዊ ቡድንን የመሰለ፣ ስንለብስም «ቀለም ነው» አልኩ። በዚያ ሰሞን በማስታወሻዬ ላይ የጫርኳት ግጥም ይህች ናት፤

ንፉግ ጌታ ይዞኝ፣ ረሃብ ሲያስለቅሰኝ፣
«አምላኬ ሆይ» አልኩት፣ «በለጋስ ለውጠኝ»፤
ለጋሱም መጣልኝ፣ በእጁ አጎረሰኝ፣
እጁን ሳየው ጊዜ፣ ጉርሻው አንቆ ያዘኝ።

እጁን ያየሁት በነሐሴ 2023 ነው። ሂውማን ራይትስ ዎች፣ ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን መግደላቸውን የሚገልጽ ዘገባ አወጣ። የሳዑዲ መንግሥት መሠረተ ቢስ ነው ሲል አስተባበለ። ወሩ ሳይሞላ፣ በመስከረም፣ የሳዑዲ ብሔራዊ ቡድን ሁለት የወዳጅነት ጨዋታዎቹን ሴንት ጄምስ ፓርክ ላይ አደረገ። በሺረር ሜዳ።

ያ የጎረቤታችን ልጅ በ2022 በኦቦክ በኩል ወጥቷል። ከየመን አንድ ጊዜ ደውሎ ነበር፤ «የመጣነው ብዙ ነን፣ ልንሻገር ነው» አለ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ክለባችን አሌክሳንደር አይሳክን በ60 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አስመጣ፤ ወላጆቹ ከኤርትራ የተሰደዱ፣ መልኩ የእኛ የሆነ ልጅ። በኳስ ቤቱ «የኛ ልጅ!» እየተባለ ሲጨበጨብለት፣ አንዱ የስደተኛ ልጅ በዚያ ፈንድ ገንዘብ ሲገዛ ሌላው የስደተኛ ልጅ በዚያው አገር ድንበር ላይ ድምፁ እንደጠፋ ያሰበ አልነበረም። እኔም አላሰብኩም።

«ኳስን ከፖለቲካ አትቀላቅል» የሚለኝ አለ። የቀላቀልኩት እኔ አይደለሁም፤ ክለብ የሚገዛ መንግሥታዊ ፈንድ ነው። «የሪያድና የጅዳ ብር አገራችንን አይመግብም ወይ?» የሚለኝም አለ። ይመግባል፤ በየቀኑ በእኔ መስኮት ይከፈላል። ያ ግን የእህቶቻችን የላብ ዋጋ ነው፤ ማንም የሰጠን ስጦታ አይደለም። «የማን ገንዘብ ንጹሕ ነው?» ለሚለኝ ግን የሥራዬን ወግ እነግረዋለሁ። አንድ ነጋዴ ከወትሮው የበዛ ጥሬ ገንዘብ በከረጢት ይዞ ቢመጣ ምንጩን እጠይቀዋለሁ፤ ሕጉ ያስገድደኛል፣ ቅር ቢለውም እንዲሞላ ቅጽ እሰጠዋለሁ። ለከረጢት ብር ይህን የምጠይቅ ሰው ለልጅነት ፍቅሬ አንዲት ጥያቄ አላቀረብኩም። ለምን? አሽሊ አስርቦኝ ነበራ! ይህን ሰበብ ለአሥራ አራት ዓመት አጠራቅሜው ነበር፤ ወለድም ወልዶልኛል።

መጋቢት 16 ቀን 2025፣ እሑድ ምሽት፣ ዌምብሌይ። ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸነፍን፤ ከ1955 ወዲህ የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ትልቅ ዋንጫ፣ ሰባ ዓመት! ሁለተኛውን ጎል ያገባው አይሳክ ነበር። (በመስከረም እርሱም ጥሎን ወደዚያው ሊቨርፑል ሄደ፤ ያ ሌላ ቁስል ነው።) ይህን ሁሉ የማውቀው ሰውዬ ምን አደረግሁ? ወንበር ላይ ቆሜ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኽኩ።

ሰኞ ጠዋት የልጁ እናት እንደ ልማዳቸው ደብተራቸውን ይዘው መስኮቴ ፊት ቆሙ።

«ልጄ፣ ከዚያ አገር የገባ ነገር ይኖር ይሆን?»

ደብተራቸውን ተቀብዬ ማሽኑን አየሁ። «የለም፣ እትዬ።»

«ድምፅህን ምን ነካው?»

«ጉንፋን ነው» አልኳቸው።