ተዋሕዶ ቱሳሔ አይደለም

ሰሞኑን በጋዜጣ ታትሞ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ተዋሕዶ ማለት የክርስቶስ መለኮትና ትስብእት (ሰውነት) መቀላቀላቸው ነው ይላል። ፈጽሞ አይደለም! ከእንጦጦ ማርያም እስከ የካ ሚካኤል የሚያስቀድስ ምእመን ሁሉ የሚጠራበት ስም እንዲህ ሲገለበጥ ዝም ማለት አይገባም።

መቀላቀል በግእዙ ቱሳሔ ነው። ሁለት ነገሮች ተደባልቀው የየራሳቸውን ባሕርይ ያጣሉ፤ የሚወጣውም ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ነገር ነው። ሊቃውንቱ ተዋሕዶን ሲያስተምሩ ይህን በር አስቀድመው ይዘጋሉ፦ ያለ ቱሳሔ፣ ያለ ውላጤ (መለወጥ)፣ ያለ ሚጠት (መመለስ)፣ ያለ ፍልጠት (መለየት)። ቅዱስ ቄርሎስ ተዋሕዶን በእሳት በጋለ ብረት ይመስለዋል። ብረቱ ያቃጥላል፣ ያበራል፤ ብረትነቱ ግን አልጠፋም፣ እሳቱም ወደ ብረትነት አልተለወጠም።

ጸሐፊው የገለጸው የመናፍቁን የአውጣኪን ትምህርት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በ451 እ.ኤ.አ. የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ አልተቀበለችም፤ ይሁን እንጂ አውጣኪንም አውግዛለች። የእኛንና የአውጣኪን ትምህርት አንድ አድርጎ ያምታታው «ሞኖፊዚት» (አንድ ባሕርይ ባይ) የሚለው የውጭ ስያሜ ነው፤ እኛው ተቀብለን ስናስተጋባው ያሳዝናል።

በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሊቃውንት የተከራከሩት በተዋሕዶ ጉዳይ ነበር። ይህን ያህል የተደከመበትን ቃል በ«መቀላቀል» መተካት ስህተት ነውና፣ ጸሐፊው በዚያው ጋዜጣ ያርሙት።