የበጎ አድራጎት መሪዎች ሙያ እንዴት ይመዘን?

የበጎ አድራጎት ድርጅቶች መሪዎችን ሙያዊ ዳራ የሚያጠና ተመራማሪ የትምህርት ማስረጃን ብቻ ቢመዘግብ ዋናው ነገር ሊያመልጠው ይችላል። የሦስት ሴት መሥራቾች ታሪክ ለዚህ አስረጅ ነው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊን የማኅፀንና ጽንስ ሐኪም ስለነበሩ የአዲስ አበባው ፌስቱላ ሆስፒታል በቀጥታ ከሙያቸው የመነጨ ነው። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ በኢየሩሳሌም ማይክሮባዮሎጂ ተምረዋል፤ በትውልድ አካባቢያቸው በከምባታ የሴት ልጅ ግርዛትን የታገሉት ግን በማኅበረሰብ ውይይት ነው። ወይዘሮ አበበች ጎበና ደግሞ ያለ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት፣ ከወሎ ረሀብ ያነሷቸውን ሕፃናት ከማሳደግ ተነሥተው ታላቅ ድርጅት አቁመዋል። ሙያ መሣሪያ ይሰጣል፤ መሣሪያው የት እንደሚውል የሚያመለክተው ግን ችግሩን በቅርብ ማወቅ ነው።

ይህ ልዩነት በአርብ ገበያና በአካባቢዋ ትልቅ ትርጉም አለው። ታች ጋይንት፣ ላይ ጋይንትና ስማዳ የምግብ እጥረት ሥር የሰደደባቸው፣ በሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፉ ወረዳዎች ናቸው። በዚያ የሚሠራ ድርጅት መሪ ሲመርጥ የፕሮጀክት ሰነድ የማዘጋጀት ችሎታን ብቻ ከመዘነ፣ ለጋሹን የሚያውቅ፣ ገበሬውን ግን የማያውቅ ሰው ሊሾም ይችላል። ስለዚህ የቅጥር መስፈርቱም ሆነ የጥናት መጠይቁ ከዲግሪው ጎን ለጎን መሪው ከሚያገለግለው ሕዝብ ጋር የኖረበትንና የሠራበትን ዘመን ሊጠይቅ ይገባል።