የዕድር ደንብን በአንድ ሰነድ ላይ አብሮ መጻፍ

በዳላስና በፎርት ዎርዝ አካባቢ፣ በጋርላንድ ወይም በሪቻርድሰን፣ የዕድር ደንብ እንዲያሻሽል የተሰየመ ኮሚቴ ረቂቁን በኢሜይል እያዟዟረ ከቀጠለ ብዙም ሳይቆይ አራት የተለያዩ ረቂቆች በእጁ ይገኛሉ። አስከሬን ወደ አገር ቤት የሚሸኝበት ወጪ በየትኛው እንደተወሰነ ለማወቅ ሌላ ስብሰባ መጥራት ግድ ይሆናል።

እንደ ጉግል ዶክስ ያለው መሣሪያ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ዳግላስ ኤንግልባርት በ1968 እ.ኤ.አ. ከሳን ፍራንሲስኮ መድረክ ሆነው፣ ሌላ ከተማ ካለ ባልደረባቸው ጋር በአንድ ሰነድ ላይ ሲሠሩ ለታዳሚ አሳይተዋል። በ1989 እ.ኤ.አ. ኤሊስና ጊብስ የተባሉ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ስልት ደግሞ አንዱ ከላይ ቃል ሲጨምር፣ ሌላው ከታች ሲሰርዝ፣ የፊደላቱን ቦታ እያሰላ ሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ጽሑፍ እንዲገኝ ያደርጋል።

ስሌቱ የሚያስታርቀው ግን ፊደላትን ነው፤ በመዋጮ የተጣሉ አባላትን አያስታርቅም። ስለዚህ ሊንኩን በቴሌግራም ቡድን በትኖ ለሁሉም የማረም ፈቃድ መስጠት ስሕተት ነው። የማረም ፈቃድ ለሁለት ጸሐፊዎች ይበቃል፤ ሌሎቹ በአስተያየት መስጫው ይናገሩ። ሁሉም በየስማቸው ሊገቡ ይገባል፤ ያለ ስም ለገባ ሰው ጉግል የእንስሳ ስም ይሰጠዋልና፣ የባልቴቶችን ድጋፍ የቀነሰው «ካፒባራ» ነው ተብሎ ለጉባኤ ሪፖርት አይቀርብም።

ኮምፒውተር የማይነኩ አዛውንትም አሉ። ለእነርሱ ረቂቁ በትልልቅ ፊደል ታትሞ ይሰጣቸው፤ በብዕር የጻፉትንም አንዱ ጸሐፊ ስማቸውን ጠቅሶ በአስተያየት መስጫው ያስገባላቸው።